ሹሙ ተነሣ፣ ወንበሩ ቀረ

በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የቢቸና ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ሲሸፍት፣ ቁጣው በአዋጁ ብቻ አልቆመም፤ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ይነሡልን አለ። ርስቱ ተለክቶ ሊወሰድበት እንደሆነ ሠግቷል። መንግሥት ጦር ላከ፣ መንደሮችን በአውሮፕላን አስደበደበ። አመፁ ግን አልበረደም፤ በመጨረሻ ደጃዝማቹ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ለሉማሜም ሆነ ለደብረ ማርቆስ አንባቢ ይህ የአባቶቹ ድል ነው፤ በደም የተገኘ ስለሆነ ሊከበር ይገባዋል። ሆኖም ምን እንዳልተገኘም ማየት አለብን። ቀጣዩን ገዥ የሾሙት ያው ጃንሆይ ናቸው። ገዥ በሕዝብ ድምፅ የሚወርድበት፣ ግብር ከፋዩ ሳይመክር ግብር የማይጣልበት ሕግ አልወጣም። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውም የማይገሠሥ ነበር፤ ምክር ቤቱ ቢመረጥም ፓርቲ አልነበረም። ስለዚህ የበደለው ሹም ሄደ፣ የሚያስበድለው ወንበር ቀረ።

«ገበሬው ሞኝ አልነበረም፤ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በተባለበት አገር ሹሙን ከስሶ ንጉሡን መማጸን ብልኃት ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ብልኃት ነው። ጥፋቱም የገበሬው አይደለም፤ ሌላ በር ያልከፈተለት አገዛዝ ነው። ነገር ግን ብልኃቱ ንጉሡን ከተጠያቂነት አውጥቶ የሁሉ መድኃኒት አድርጎ አስቀመጣቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ አሜሪካንስ ያቆማት የጆርጅ ዋሽንግተን ግርማ አይደለም? ግርማው ረድቷል። ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1783 የጦር አዛዥነቱን አስረከበ፣ በ1797 ከሁለት ዘመነ ሥልጣን በኋላ የሚያስገድደው ሕግ ሳይኖር ፕሬዚዳንትነቱን ለቀቀ። ይህ ሰው ባሪያ አሳዳሪም ነበርና ፍጹም አድርጌ አላቀርበውም። ለእኔ ከእሱ ይልቅ የሚበልጠው ማስረጃ የ1801 ዓመት ነው። ጆን አዳምስ በምርጫ ተሸንፎ ለተቀናቃኙ ለቶማስ ጄፈርሰን ሥልጣን አስረከበ። አዳምስ የዋሽንግተን ግርማ አልነበረውም፤ መንበሩን ያስለቀቀው የምርጫው ሥርዓት ነው። የሁለት ዘመን ልማድ እንኳ በፍራንክሊን ሩዝቬልት አራት ጊዜ መመረጥ ስለተጣሰ፣ በ1951 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ታሠረ። የሰውየውን ጨዋነት አምነው አልተዉትም።

እኛ ዘንድ ንጉሡ በመስከረም 1967 ሲወርዱ ሥልጣን ከመቶ በላይ አባላት ባሉት ደርግ እጅ ገባ። የአንድ ሰው አገዛዝ ያበቃ መስሎ ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ ሳይሞላ፣ በጥር 1969፣ ተፎካካሪዎቹ ተረሽነው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ብቻቸውን ከላይ ቆሙ። ንጉሥነት ቀርቶም አንድን ሰው የሚገታ ተቋም አልነበረምና። ግንቦት 13 ቀን 1983 እሳቸው ከአገር ሲወጡ፣ በስማቸው የቆመው መንግሥት ከዚያ በኋላ የቆየው አንድ ሳምንት ነው።