የመሥሪያ ቤት ስልክ ማዞሪያና የክትትል ወሰኑ

ሆሳዕና እ.ኤ.አ. በ2023 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የክልል ቢሮዎችን ተቀብላለች። ቢሮ ሲበዛ የውስጥ ስልክ ይበዛል፤ የውስጥ ስልክ ሲበዛም በተለምዶ ስዊችቦርድ የምንለው የመሥሪያ ቤት ማዞሪያ ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከማዞሪያው ባሕርያት አንዱን፣ ብዙ ጊዜ መሣሪያው ተገዝቶ ከተተከለ በኋላ ብቻ የሚታወቀውን የክትትል ወሰን ነው።

ክትትል ስንል የሰውን ንግግር ማድመጥ ማለታችን አይደለም። በኦፕሬተሯ ስልክ ላይ በየቁልፉ አጠገብ ትንንሽ አምፖሎች አሉ። አምፖሉ ከበራ የዚያ ክፍል ስልክ ተይዟል፤ ከጠፋ ነፃ ነው፤ ብልጭ ድርግም ካለ እየጠራ ነው። ከሾኔ ወይም ከዱራሜ በሪፈር የሚላክ ሕመምተኛን ጉዳይ የያዘ ጥሪ ሆሳዕና ሆስፒታል ሲደርስ፣ ኦፕሬተሯ የትኛው ክፍል ስልክ ነፃ እንደሆነ የምታውቀው በእነዚህ አምፖሎች ነው። አምፖሉ ከዋሸ ጥሪው በተያዘ ስልክ ላይ ይንጠለጠላል።

በቀድሞዎቹ ማዞሪያዎች እያንዳንዱ ስልክ በራሱ ጥንድ ሽቦ ይገናኝ ስለነበር፣ በሽቦው ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ማለፍ አለማለፉ ስልኩ መያዝ አለመያዙን በቀጥታ ይናገር ነበር። በኮምፒዩተር መረብ ላይ በሚሠሩት የዛሬ ስልኮች ግን ሁሉም ነገር በጽሑፍ መልእክት ይከናወናል። አሁን ያለውን መልክ እ.ኤ.አ. በ2002 በያዘው ሲፕ በተባለው የመግባቢያ ደንብ መሠረት፣ አንዱ ስልክ ሌላውን ለመከታተል ሲፈልግ ለማዞሪያው የክትትል ምዝገባ ይልካል። ማዞሪያውም በዚያ ስልክ ላይ ለውጥ በተከሰተ ቁጥር ማሳወቂያ ይልክለታል። ነገሩ ከእድር አሠራር ጋር ይመሳሰላል፤ አባሉ በየጠዋቱ በየቤቱ እየዞረ ከመጠየቅ ይልቅ የጡሩምባ ነፊውን ድምፅ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ የእድሩ ጡሩምባ አንዴ ተነፍቶ ለመንደሩ ሁሉ ሲሰማ፣ ማዞሪያው ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ ለየብቻ መንገር አለበት። ችግሩም የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

አሥራ ሁለት ስልኮች ያሉት ቢሮ እንውሰድ። እያንዳንዱ ስልክ ቀሪዎቹን 11 ቢከታተል የምዝገባው ብዛት 12 ጊዜ 11፣ ማለትም 132 ይሆናል። ይህ ለማንኛውም ማዞሪያ ቀላል ነው። ቢሮው አድጎ ስልኮቹ 120 ቢሆኑ ግን ምዝገባው 120 ጊዜ 119፣ ማለትም 14,280 ይደርሳል። ስልኩ በአሥር እጥፍ ሲያድግ ክትትሉ ከመቶ እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። በሻጩ ወረቀት ላይ «እስከ 200 ስልክ ይችላል» የሚለውን አንብቦ የገዛ መሥሪያ ቤት በ120 ስልክ የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወረቀቱ የቆጠረው ስልኮችን እንጂ በስልኮች መካከል ያሉትን ጥንዶች አይደለም።

የጥሪ መስመሮች ጠባይ ከዚህ ፍጹም የተለየ መሆኑ ያስገርማል። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው ቀመር ብናሰላ፣ 120ዎቹ ስልኮች እያንዳንዳቸው ሥራ በሚበዛበት ሰዓት በአማካይ 6 ደቂቃ ወደ ውጭ ቢያነጋግሩ፣ ከመቶ ጥሪ አንዱ ብቻ መስመር እንዲያጣ 20 የውጭ መስመር ይበቃል። ሰው በበዛ ቁጥር መስመርን መጋራት ይረክሳል፤ መጠባበቅ ግን ይወደዳል።

አሁን የመልእክቱን ብዛት እንቁጠር። አንድ የውስጥ ጥሪ ሲደረግ የደዋዩም የተደዋዩም ስልክ ሦስት ጊዜ ሁኔታ ይለውጣል እንበል፤ ሲጠራ፣ ሲነሳና ሲዘጋ። ስድስቱ ለውጦች ለ119 ተከታታዮች ሲነገሩ 714 ማሳወቂያ ይሆናሉ። እያንዳንዱ ማሳወቂያ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ስላለው ድምሩ 1,428 ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በደቂቃ 20 ጥሪ ቢደረግ በሴኮንድ 476 መልእክት ማለት ነው። ሽቦውን የሚያጨናንቀው ይህ አይደለም፤ አንድ ተራ የስልክ ንግግር ብቻውን በሁለቱም አቅጣጫ በሴኮንድ 100 ያህል የድምፅ እሽጎች ያስተላልፋል። ልዩነቱ የድምፁ እሽግ ሳይነበብ ሊያልፍ መቻሉ ነው። የክትትሉን መልእክት ግን ማዞሪያው ቃል በቃል አንብቦ፣ ከማኅደረ ትውስታው አመሳክሮ መመለስ ይጠበቅበታል። የሚደክመው አንባቢው ነው።

ከሁሉ የከፋው ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመለስ የሚሆነው ነው። 120 ስልኮች በአንድ ጊዜ ይነሳሉ፤ 14,280 ምዝገባም በአንድ ጊዜ ይላካል። አንዱ ምዝገባ ከነመልሱና ከመጀመሪያው ማሳወቂያ ጋር ቢያንስ አራት መልእክት ስለሚጠይቅ ድምሩ 57,120 ይሆናል። በሴኮንድ 500 የሚያስተናግድ ማዞሪያ ይህን ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ ያህል ያስፈልገዋል። ስልኮቹ ግን አይታገሡም። ዩዲፒ በተባለው፣ መድረሱን በማያረጋግጠው የማስተላለፊያ ዘዴ የሚሠራ ስልክ መልስ ካጣ ከግማሽ ሴኮንድ በኋላ ያንኑ ይደግማል፤ የመጠበቂያውን ጊዜ እስከ 4 ሴኮንድ እያራዘመ በ32 ሴኮንድ ውስጥ አንዱን ጥያቄ እስከ 11 ጊዜ ሊልክ ይችላል። መዘግየቱ ተጨማሪ መልእክት ይወልዳል፤ ተጨማሪው መልእክት መዘግየቱን ያብሳል። በፊዚክስ አዎንታዊ ግብረ መልስ የምንለው ይኸው ነው፤ ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ የሚሰማው ጩኸት የቅርብ ዘመዱ ነው።

መፍትሔው ትልቅ ማዞሪያ መግዛት ነው የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም፤ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ማን ማንን መከታተል ያስፈልገዋል የሚለው ነው። የኦፕሬተሯ ስልክ 119ኙን፣ አምስት ጸሐፊዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው የክፍላቸውን ስድስት ስልኮች ቢከታተሉ ጠቅላላው ምዝገባ 149 ነው። የመጋዘን ጠባቂው ስልክ የዋና ሥራ አስኪያጁን መያዝ የሚያውቅበት ምክንያት የለም፤ እንዲያውም ማን መቼ እንደሚያነጋግር ለሁሉ ማሳየት ለሠራተኛው ነፃነትም አይበጅም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ተጨማሪ ደንብ ደግሞ አንድ ስልክ ብዙ ስልኮችን በአንድ ዝርዝር፣ በአንድ ምዝገባ እንዲከታተል ይፈቅዳል። ይህ የምዝገባውን ቁጥር ይቀንሳል፤ የለውጦቹን ቁጥር ግን አይቀንስም። መልእክቱም ስለሚረዝም ሌላ ወሰን ይነካል፤ ከ1,300 ባይት የሚበልጥ ጥያቄ በአብዛኛው ቲሲፒ በተባለው፣ መድረሱን በሚያረጋግጠው መንገድ መላክ አለበት። ስልኮቹ ከኤሌክትሪክ መቋረጥ በኋላ በተለያየ ሰዓት እንዲመዘገቡ ማዘግየት ከተቻለም ብዙ ይረዳል።

ወሰኑ ሲታለፍ ምን ይታያል? ብዙውን ጊዜ ምንም አይታይም። ማዞሪያው ትርፉን ምዝገባ ይመልሰዋል ወይም ይተወዋል፤ አምፖሉም ጠፍቶ ይቀራል። በላቦራቶሪ የሠራ ሁሉ ዜሮ የሚያነብ መለኪያና የተበላሸ መለኪያ አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል፤ የጠፋው አምፖል ግን «ነፃ ነው» እና «አላውቅም» የሚሉትን ሁለት ነገሮች በአንድ መልክ ይናገራል። ነፃ መሆንን በአረንጓዴ ብርሃን የሚያሳዩ ስልኮች ስላሉ ለኦፕሬተሯ እነዚህን መምረጥ ይሻላል። ከርክክብ በፊትም የሕንፃውን ኤሌክትሪክ አጥፍቶ ማብራት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቆም አንድ ሰው በየክፍሉ እየዞረ እጀታውን ሲያነሳ ሌላው ኦፕሬተሯ ዘንድ ቆሞ አምፖሎቹን እንዲቆጥር ማድረግ ይገባል። ለ120 ስልክ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።