ወገብ ከመታመሙ በፊት ሸክሙን እናቅልል

ውድ አንባቢያን፤ በዚህ ወር የጤና አምዳችን የምናነሳው ብዙዎቻችን «ሥራ ነው፤ ይለመዳል» ብለን የምናልፈውን የወገብ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ዙሪያ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። ሰውን ከሥራ ውጭ በማድረግም የሚስተካከለው በሽታ የለም።

ወደ መርካቶ እህል በረንዳ ጎራ ያለ ሰው አንድ ኩንታል እህል በጀርባው ተሸክሞ ከመኪና ወደ መጋዘን የሚመላለስ ጫኝና አውራጅ ያያል። ኩንታሉ 100 ኪሎ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ አንድ አዋቂ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ የሚበልጥ ከሆነ በተቻለ ፍጥነት እንዲቀነስ ጠይቋል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ደግሞ ዕቃን በእጅ ለማንሳት ሁኔታው ሁሉ ምቹ ቢሆን እንኳ መነሻው 23 ኪሎ እንዲሆን ይመክራል። ታዲያ የእኛ ወንድሞች ወገብ ከሌላው ሰው ወገብ በምን ይለያል?

ወገባችን እንዴት ይጎዳል?

የታችኛው ወገባችን አምስት አጥንቶች አሉት። በአጥንቶቹ መካከል ውስጡ ለስላሳ፣ ዙሪያው ጠንካራ የሆነ ትራስ መሰል አካል (ዲስክ) ይገኛል። ጎንበስ ብለን ዕቃ ስናነሳ ወገባችን እንደ ሚዛን ይሠራል። ዕቃው ከአከርካሪያችን 50 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ የሚስበው የጀርባ ጡንቻ የሚገኘው ግን ከኋላ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ነው። ስለዚህ 10 ኪሎ ለማንሳት ጡንቻው 100 ኪሎ ያህል ጉልበት ያወጣል፤ ይህ የራሳችንን የላይኛውን አካል ክብደት ሳይጨምር ነው። ያ ሁሉ ጫና የሚያርፈው በዲስኩ ላይ ነው። ጎንበስ እንዳልን ወደ ጎን ከተጠማዘዝን ደግሞ ዲስኩ ሊሰነጠቅና ነርቭ ሊጫን ይችላል።

ሌሊት ተኝተን ስናድር ዲስኩ ውሃ ስለሚስብ ያብጣል። ስለሆነም ከእንቅልፍ እንደተነሳን ወዲያው ከባድ ዕቃ ማንሳት ጥሩ አይደለም። ጥቂት ተንቀሳቅሰን፣ ሰውነታችን ከተፍታታ በኋላ እንጀምር።

ዋናው መፍትሔ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሚነገረው «ጉልበትህን አጥፈህ አንሳ» የሚል ምክር ነው። ምክሩ አይጠላም፤ ሆኖም ጥናቶች እንዳሳዩት የአነሳስ ሥልጠና ብቻውን የወገብ ሕመምን አይከላከልም። የወገብ ቀበቶ ማሰርም እንዲሁ። መቶ ኪሎን በየትኛውም ዘዴ ቢያነሱት መቶ ኪሎ ነው። የሚበጀው ሸክሙን ራሱን መቀነስ ነው፦

• ኩንታሉን በ50 ኪሎ፣ ቢቻል በ25 ኪሎ ከረጢት መከፋፈል። በእንግሊዝና በጀርመን የሲሚንቶ ከረጢት በብዛት 25 ኪሎ የሚይዝ ነው፤ የእኛ 50 ነው።
• በእጅ ጋሪ መጠቀም፤ ጋሪውንም ከመጎተት ይልቅ መግፋት።
• ከባድ ዕቃን መሬት ላይ ሳይሆን በጉልበትና በትከሻ መካከል ባለ ከፍታ ላይ ማስቀመጥ።
• ከባዱን ለሁለት ማንሳት፤ «ቢስሚላህ» ብሎ እኩል መነሳት።
• ማንሳት ግድ ሲሆን ዕቃውን ከሆድ ማስጠጋት፣ እግርን ከፈት አድርጎ መቆም፤ ለመዞርም ወገብን ሳይሆን እግርን ማዞር።

ይህ የነጋዴዎችና የአሠሪዎች ጉዳይ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በእጃችን ሥር ያሉትን ከአቅማቸው በላይ እንዳናሸክማቸው፣ ካሸከምናቸውም እንድናግዛቸው አስተምረውናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት መጠበቅን በአሠሪው ላይ ግዴታ አድርጓል። አንድ ጋሪ የሚገዛበት ገንዘብ አንድ አባወራ ወገቡን አሞት ከሚተኛበት ወራት ጋር አይነጻጸርም።

በቤትና በመስጊድስ?

እናቶችና እህቶች፤ የ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ 20 ኪሎ ነው። በሁለት አሥር ሊትር ከፍላችሁ በሁለት እጃችሁ ብትይዙት ወገባችሁ ሚዛኑን ይጠብቃል። የልብስ ማጠቢያ ሳፋውን መሬት ላይ ከማድረግ ከፍ ባለ ነገር ላይ አስቀምጡት። ለኢፍጧር የሚዘጋጀውን ትልቅ ድስት አንድ ሰው ብቻውን አያውርደው። የመስጊድ ምንጣፍ የሚያነሱ ወጣቶችም ጥቅሉን በሰው ብዛት ይከፋፈሉት።

ወገብዎን ካመምዎት

አብዛኛው የወገብ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻላል። አልጋ ላይ ለቀናት መተኛት ጡንቻን ያደክማል እንጂ አይጠቅምም። ከባድ ነገር ሳያነሱ ቀስ ብለው ይራመዱ፤ ሙቅ ነገርም ይያዙበት። ሩኩዕና ሱጁድ ያስቸገረው ሰው በሚችለው መጠን፣ ተቀምጦም ቢሆን መስገድ ይችላልና ራሱን አያስጨንቅ።

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ወደ ወጌሻ ሳይሆን ወደ ሐኪም ፈጥነው ይሂዱ፦ ሽንት ወይም ዓይነ ምድር መቆጣጠር አለመቻል ወይም ሽንት እምቢ ማለት፤ በጭኖች መካከልና በመቀመጫ ዙሪያ መደንዘዝ፤ እግር መዛል፤ ከወድቀት በኋላ የመጣ ከባድ ሕመም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ነርቭ መጫኑን የሚያመለክቱ ስለሆኑ በዚያኑ ቀን መታየት አለባቸው፤ መዘግየት ዘላቂ ጉዳት ያስከትላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ አብረው ካሉም የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል፤ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል።

ውድ አንባቢያን፤ ጤና ከአላህ የተሰጠን አማና ነው። ነገ ጠዋት ሱቅዎን ወይም መጋዘንዎን ሲከፍቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ ይህን ሸክም ለሁለት መክፈል አይቻልም? አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።