የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው፦ ቤንዚን እያለ ሞተር ለምን ይጠማል?

ከሮም በካሲያ መንገድ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ፣ ካምፓኛኖ አጠገብ የቫሌሉንጋን የመኪና እሽቅድምድም ፒስታ ታገኛላችሁ። ፒስታው የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1957 ሚሌ ሚሊያን ባሸነፈው በሮሙ ተወላጅ በፒዬሮ ታሩፊ ስም ነው። ዙሩ 4 ኪሎ ሜትር ከ85 ሜትር ሲሆን፣ የግል መኪናውን ይዞ ከፍሎ መሞከር ለሚፈልግ ሰውም በተወሰኑ ቀናት ክፍት ይሆናል። የመኪና ፍቅር ያላችሁ ወገኖቻችን እዚያ ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ በሉ።

በረጅም ኩርባ ላይ ሞተሩ በድንገት እየቆራረጠ ጉልበት ያጣል፤ መኪናው ቀጥ ሲል ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ቆጣሪው ሲታይ ሩብ ታንክ ቤንዚን አለ። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

ቤንዚኑ አላለቀም፤ ቦታውን ለቋል። በትሪ ላይ ሻይ የያዘ አስተናጋጅ ድንገት ሲታጠፍ ሻዩ ወደ ውጭ እንደሚያጋድል ሁሉ፣ መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ቤንዚኑ ወደ ግራ ይሸሻል። ጥሩ ጎማ ያለው መኪና በፒስታ ላይ በኃይል ሲታጠፍ የቤንዚኑ ገጽ እስከ 45 ዲግሪ ሊያጋድል ይችላል። ያን ጊዜ የፓምፑ መምጠጫ ባዶ ቀርቶ አየር ይስባል።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ቤንዚን ሲያንሰው ቃጠሎው ሥርዓቱን ስቶ ፒስተን እስከማቅለጥ ሊደርስ ይችላል። ታንክ ውስጥ ያለው ፓምፕም የሚቀዘቅዘው በቤንዚኑ ስለሆነ አየር ሲስብ ዕድሜው ያጥራል። ከሁሉም በላይ፣ በኩርባ መካከል ጉልበት በድንገት ሲጠፋ መኪናው ሊሽከረከር፣ ከኋላ የሚመጣውም ሊገጨው ይችላል።

ስለዚህ አዲስ ፓምፕ ለመግዛት ከመቸኮል በፊት በሽታውን መለየት ይገባል። ሞተሩ የሚቆራረጠው ወደ አንድ ወገን ሲታጠፍ ብቻ ከሆነና ታንኩ ሲሞላ የሚተወው ከሆነ፣ ምክንያቱ የቤንዚኑ መሸሽ ነው። በቀጥታ መንገድም የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ፊልትሮውን ወይም ፓምፑን አስመርምሩ።

መድኃኒቱስ? የመጀመሪያውና ርካሹ ታንኩን ከግማሽ በታች አለማውረድ ነው። ሁለተኛው በታንኩ ውስጥ ቤንዚኑን በመምጠጫው ዙሪያ የሚያቆዩ ክፍልፋዮች ማሠራት፣ ወይም ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ ልዩ ስፖንጅ መጨመር ነው። የቤት ስፖንጅ ግን በቤንዚን ሟሙቶ ፊልትሮ ይደፍናል።

ሦስተኛው 1 ወይም 2 ሊትር የሚይዝ ትንሽ ተጨማሪ ጋን መግጠም ነው። አንድ ፓምፕ ከዋናው ታንክ እየቀዳ ጋኑን ይሞላል፤ ሌላው ኃይለኛ ፓምፕ ከጋኑ ሥር እየሳበ ለሞተሩ ይሰጣል። የመጀመሪያው ፓምፕ ለጥቂት ሴኮንዶች አየር ቢስብም ሞተሩ ከጋኑ ይጠጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ከሞተሩ የሚመለሰው ትርፍ ቤንዚን ወደ ዋናው ታንክ ሳይሆን ወደ ጋኑ መግባት አለበት። 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በሙሉ ኃይሉ በደቂቃ 1 ሊትር ያህል ሲያቃጥል፣ በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ግን በደቂቃ ከ4 ሊትር በላይ ያወጣል። ትርፉ ወደ ዋናው ታንክ ከሄደ አንድ ሊትር ጋን በ15 ሴኮንድ ገደማ ይደርቃል። ከጋኑ ራስ የሚተርፈው ቤንዚንና አየር ብቻ ወደ ዋናው ታንክ ይመለስ።

ጥንቃቄም አይዘንጋ። ባዶ የቤንዚን ታንክ ውስጥ የሚቀረው ትነት ስለሚፈነዳ፣ ያለ ባለሙያ ብየዳ አታስጠጉት። ጋኑን ተሳፋሪ በሚቀመጥበት ክፍል ያለ ጥብቅ መከለያ አትግጠሙ። በመንገድ ላይ የምትነዱት መኪና ከሆነ ደግሞ፣ የጣሊያን የመንገድ ሕግ አንቀጽ 78 የመኪናን አሠራር መቀየር በሞቶሪዛሲዮኔ እንዲመረመር ስለሚያዝ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ፒስታ ለማትረግጡትም ምክሩ ይሠራል። የቤንዚኑ መብራት በርቶ ወደ ራኮርዶ በሚያስገባው ረጅም ጥምዝ በፍጥነት መታጠፍ ያንኑ ችግር ይጋብዛል። መብራቱ ሳይበራ መቅዳት ከሁሉም ይረክሳል። መልካም ጉዞ!