ሕመምን ማስታገስ የሚሠለጥኑበት ሙያ ነው፦ ስለ ሕመምና ማስታገሻ ሕክምና ፌሎሺፕ የተሰጠ ሕዝባዊ ትምህርት



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሚሆነኝ የራሴ ስሕተት ነው። ሬዚደንት በነበርሁበት ዘመን፣ በአንድ የአዳር ተረኛነቴ፣ የማኅፀን በር ካንሰር ወደ አጥንታቸው የተሠራጨባቸው አንዲት እናት ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ አደሩ። ሞርፊን በመደርደሪያው ላይ ነበረ። እኔ ያዘዝሁላቸው ግን ፓራሲታሞል ነው። «ሞርፊን ብሰጣቸው ትንፋሻቸው ቢቆምስ?» የሚል ፍርሃት ያዘኝ። ልጃቸው «ዶክተር፣ ሌላ ምንም የላችሁም?» ስትለኝ «ያለው ይኸው ነው» አልኋት። እውነት አልነበረም። መድኃኒቱ ነበረ፤ የጎደለው የእኔ ዕውቀት ነው። ስለዚህ ዛሬ የማስረዳው፣ ይህን ጉድለት ለመሙላት የተቋቋመው የፌሎሺፕ ሥልጠና ሐኪሙን ምን እንደሚያስተምረውና ለእኛ ስለ ምን እንደሚያስፈልገን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሙያው ታሪክ ከሁለት ምንጮች የተቀዳ ነው። አንደኛው የሕመም ሕክምና ነው። ትውልደ ጣልያን የሆነው አሜሪካዊ የሰመመን ሐኪም ጆን ቦኒካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክም፣ አንድ ሐኪም ብቻውን የማይፈታው ሕመም መኖሩን ተገነዘበ። በ1953 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍም የልዩ ልዩ ሙያ ሐኪሞች በአንድ ታማሚ ዙሪያ በጋራ እንዲመክሩ አሳሰበ። ሁለተኛው ምንጭ የማስታገሻ ክብካቤ ነው። እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳውንደርስ መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ፣ በመጨረሻም ሐኪም ሆነው በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ከፈቱ። የታማሚው ሥቃይ የአካል፣ የስሜት፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስ ሥቃይ ተደምሮ መሆኑን አስተማሩ፤ «ሁለንተናዊ ሕመም» የሚለው ጽንሰ አሳብ የእርሳቸው ነው። ካናዳዊው ሐኪም ባልፎር ማውንት በ1970ዎቹ ለዘርፉ የሰጠው «ፓሊየቲቭ» የሚለው ስም መነሻው ካባ የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ነው። በእኛ አነጋገር፣ በሽታውን ማዳን ባይቻል እንኳ ታማሚውን ጋቢ እንደ መደረብ ነው።

የማስታገሻ ሕክምና በብሪታንያ በ1987 ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ሆነ። በአሜሪካ በ2006 በ10 የስፔሻሊቲ ቦርዶች ድጋፍ ንዑስ ስፔሻሊቲ ሆኖ ዕውቅና አገኘ። በዚያ አገር ሐኪሙ ሬዚደንሲውን ከጨረሰ በኋላ 12 ወር ይሠለጥናል፤ የሕመም ሕክምናም በበኩሉ የ12 ወር ፌሎሺፕ አለው። በዚህ ዓመት ውስጥ ምን ይማራል?

በመጀመሪያ ስሌት ይማራል። በቀን 60 ሚሊግራም ሞርፊን በአፍ የሚወስድ ታማሚ በመካከል ሕመሙ ቢያገረሽበት፣ የቀኑ መጠን አንድ ዐሥረኛ እስከ አንድ ስድስተኛ፣ ማለትም ከ6 እስከ 10 ሚሊግራም ይጨመርለታል። መዋጥ ቢያቅተው በመርፌ የሚሰጠው ወደ ሲሶው ገደማ ነው፤ በቀን 20 ሚሊግራም። ወደ ሌላ ኦፒዮይድ ሲዛወር፣ በስሌት የተገኘው መጠን እንደ ሁኔታው ከሩብ እስከ ግማሽ ይቀነሳል። ኩላሊቱ የደከመ ከሆነ የሞርፊን ተረፈ ምርት በደሙ ይከማቻልና ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። ሰውነት የሆድ ድርቀቱን አይለምደውምና ማለስለሻው ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዛል። እኔን በዚያ ሌሊት ያስፈራኝ የትንፋሽ መዳከም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ድብታ ይቀድመዋል። በትንሽ መጠን ጀምሮ፣ ከታማሚው አጠገብ ሳይርቁ ድብታውንና አተነፋፈሱን መከታተል የሚያስችለው ይህ ዕውቀት ነው። የእኔ ፍርሃት ምንጩ ይህን አለማወቅ ነበር።

በሁለተኛ ደረጃ መለየትን ይማራል። የቆሽት ካንሰር የሚያስከትለውን የሆድ ሥቃይ የነርቭ መረቡን በመርፌ በማደንዘዝ ማቅለል ይቻላል፤ ሁሉም ሕመም በሞርፊን አይታከምም። በአሜሪካ ለሥር ሰደድ የጀርባ ሕመምና ለመሳሰለው ኦፒዮይድ ያለ ልክ መታዘዙ ለብዙዎች ሱሰኝነትና ሞት ምክንያት ሆኗል። በፍርሃት መንፈግም ሆነ በግዴለሽነት ማዝነብ ሁለቱም የሥልጠና ጉድለት ናቸው።

በሦስተኛ ደረጃ የሚማረው ንግግርን ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። እኛ መርዶን በቁማችን፣ በመንገድ ላይ፣ ለብቸኛ ሰው አንናገርም። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ የሚደግፍ ባለበት ይነገራል። ክፉ የምርመራ ውጤት ሲመጣም ቤተሰቡ ሐኪሙን ወደ ጥግ ስቦ «ለእሱ አይንገሩብን» ይላል። በአሜሪካ የሚኖር ወገናችን ግን ብቻውን በተቀመጠበት፣ በአስተርጓሚ አፍ፣ በቀጥታ ሊነገረው ይችላል። የሠለጠነ ሐኪም ከሁለቱ አንዱን በጭፍን አይመርጥም፤ አስቀድሞ ታማሚውን ይጠይቃል፦ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? አብሮዎት ማን እንዲሰማ ይወዳሉ?» ፌሎው ይህን የሚማረው መምህሩ አጠገቡ ተቀምጦ እያየው፣ በኋላም እያረመው ነው። ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም።

ይህ ሁሉ የመሞቻ ዝግጅት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። በ2010 በቦስተን የታተመ ጥናት የተሠራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን 151 ታማሚዎች ተከታትሎ ነበር። ከመደበኛው ሕክምና ጋር ገና ከጅምሩ የማስታገሻ ክብካቤ ያገኙት የተሻለ የኑሮ ሁኔታ ነበራቸው፤ መካከለኛ የሕይወት ዘመናቸውም 11.6 ወር ሲሆን፣ የሌሎቹ 8.9 ወር ነበር።

«ለድኻ አገር ፌሎሺፕ ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የላንሴት ኮሚሽን በ2017 እንዳመለከተው፣ በዓመት ለዓለም ይከፋፈል ከነበረው በሞርፊን ልክ የተሰላ 298.5 ቶን ኦፒዮይድ ውስጥ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች ይደርስ የነበረው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ኡጋንዳ በ1993 በተቋቋመው ሆስፒስ አማካይነት በአፍ የሚወሰድ ርካሽ የሞርፊን ፈሳሽ አስፋፋች፤ በ2004 ደግሞ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ፈቀደች። መንገዱ ትክክል ነው፤ የገጠሩን ታማሚ ቀድሞ የምትደርስለት ነርሷ ናት። ነገር ግን ነርሷን የሚያሠለጥን፣ ስሌቱ ሲወሳሰብባት የምትደውልለት፣ ተማሪው ገና በሦስተኛ ዓመቱ ከሞርፊን ፍርሃት እንዲላቀቅ የሚያስተምር መምህር ያስፈልጋል። ጥቂት ፌሎዎች የሚያስፈልጉን ለዚህ ነው፤ ሥራቸው በዋናነት ማስተማር ሊሆን ይገባል።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል ዛሬ ማታ ተረኛ የሆነ ይኖራል። የሚያቃስት ታማሚ ቢያጋጥመውና መጠኑን ቢጠራጠር፣ ፍርሃቱን ደብቆ «ያለው ይኸው ነው» አይበል። በላዩ ያለውን ሐኪም ይጠይቅ፤ ከእንቅልፉም ቢሆን ይቀስቅሰው። እኔ በዚያ ሌሊት ማንንም አልቀሰቀስሁም። እኚያ እናት በሦስተኛው ቀን ዐረፉ፤ ልጃቸውን ይቅርታ የመጠየቅ ዕድል አላገኘሁም።