ሴንትራል ሎኩ አልሠራ ሲል፦ ስዊቹ ነው ወይስ ሽቦው?

ምኒልክ አደባባይ ጋ አቁማችሁ በሩ በስዊች አልቆለፍ ቢል፣ ስዊች ፍለጋ ሶማሌ ተራ ከመውረዳችሁ በፊት በሪሞት ሞክሩ። በሪሞት ሁሉም በር ከተቆለፈ ሞተሮቹ ደህና ናቸው። እምቢ ያለው አንድ በር ብቻ ከሆነ ደግሞ ስዊቹን ተዉት፤ የዚያን በር ሞተርና ሽቦ እዩ።

እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው በሾፌሩ በርና በቦዲው መካከል ያለውን ጎማ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ውስጡ ያለው ሽቦ ይታጠፋል፤ ላዩ ደህና መስሎ መዳቡ ተበጥሶ ይገኛል። በሩን እያወዛወዛችሁ ስዊቹን ስትጫኑ አንዴ ሠርቶ አንዴ ከተወ፣ ጎማውን ሳብ አድርጋችሁ ሽቦውን አንድ በአንድ ጎትቱ።

ሽቦው ጤነኛ ከሆነ ሶኬቱን ነቅላችሁ ስዊቹን በቴስተር ለኩ። እግሮቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ ውሃ ገብቶበታል፤ አንዳንዴ በኮንታክት ክሊነር ይድናል። አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ስዊቹ ለኮምፒውተር ምልክት ብቻ ስለሚልክ በአምፖል መሞከር ይቅርባችሁ።