የአለንኪ ማደሪያ

መሐል ሜዳ ወፍጮ ቤት የገባ ሰው ዐይኑ ቺንጋው ላይ ያርፋል። ፑሊውን ከዘንጉ ጋር አጥብቆ የያዘውን ቡሎን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ራስ የለውም፤ ፑሊው ውስጥ ተቀብሮ አናቱ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ ብቻ ይታያል። የሚፈታውም የሚያጠብቀውም እንደ ከዘራ የታጠፈ ባለ ስድስት ጎን ብረት፣ አለንኪ ነው።

የተቀበረው በምክንያት ነው። ቀድሞ የፑሊ ቡሎን ራሱ ወደ ውጭ ያፈጠጠ ስለነበር፣ ሲዞር የሠራተኛ ልብስ እየያዘ ሰው ይጎዳ ነበር። አሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ የነበረው ዊልያም አለን እ.ኤ.አ. በ1910 ባለ ጉድጓዱን ቡሎን ለመሥራት በፈጠረው ዘዴ የባለቤትነት መብት አገኘ። ብርዱ ጋቢና በርኖስ በማያስወልቅበት በመንዝ፣ ይህ የተቀበረ ቡሎን ስንቱን ሰው እንደሚያተርፍ አስባለሁ። እኛ በአለን ስም የምንጠራውን መሣሪያ ጣሊያኖች በሌላ ሠሪ በኤጂዲዮ ብሩጎላ ስም ይጠሩታል።

ችግሩ አለንኪ ትንሽ ነው፤ ይጠፋል። ሁሉም አንድ ጣሳ ውስጥ ሲከተት ደግሞ ይምታታል። ባለ 3/16 ኢንቹ 4.76 ሚሊሜትር ነው፤ በዐይን ከ5 ቁጥር አይለይም። በ5 ጉድጓድ ሲገባ ግን ይላላል፣ ሲጠመዝዙት ማዕዘኑን ይልጠዋል። የተላጠ ቡሎን በትራፓኖ እስኪበሳ ድረስ ወፍጮው ቆሟል፤ እህሉን በአህያ ጭኖ የመጣውም ሰው ደጅ ላይ ይጠብቃል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ አለንኪ ቀዳዳ የተበሳለት አንድ ቁራጭ እንጨት ነው። ባሕር ዛፍ ይበቃል፤ በደንብ የደረቀ ይሁን እንጂ፣ እርጥቡ ይሰነጠቃል፣ ብረቱንም ያዝገዋል። ቀዳዳው ከቁልፉ ቁጥር ሰፋ ማለት አለበት። ቁጥሩ የሚለካው ከጎን እስከ ጎን ነው፤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲለካ 1.155 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለ5 ቁጥር በ6 መብሻ፣ ለ6 በ7፣ ለ10 በ12 ይበሳል። ረጅሙ እግር ወደ ታች ይገባል፣ አጭሩ በአንድ በኩል ይዘረጋል። ከየቀዳዳው ሥር ቁጥሩን በጋለ ምስማር መተኮስ ነው፤ ቀለም በቅባት እጅ ይለቃል። የኢንቾቹ እንጨት ለብቻው ይሁን።

ቁጥሩን ማንበብ ግድ ነው፤ የቡሎኑ ውፍረት ብቻ አይነግርምና። 8 ሚሊሜትር የሆነው ራስ የለሽ ቡሎን በ4 ቁጥር ይፈታል፤ ያው 8 ባለ ራስ ሲሆን ብዙውን ጊዜ 6 ይፈልጋል።

ቦታውም ይመረጥ። ደጋ ላይ ሌሊቱን የቀዘቀዘ ብረት ጠዋት እሳት ተነድዶ ድስት ሲፈላ ያልበዋል፤ ከዚያ ይዝጋል። ከድንጋዩ ግድግዳም ከምድጃውም ራቅ አድርጎ፣ በዘይት ነካ ባደረጉት የበግ ጠጉር ባና ቁራጭ መወልወል ነው። ያልታጠበ የበግ ጠጉር የራሱ ቅባት አለው፤ ያው ቅባት በሌላው ዓለም ተጣርቶ ለዝገት መከላከያ ይውላል።

እኔ ይህን እንጨት አጥብቄ የምወደው ግን ለባዶው ቀዳዳ ነው። ማታ ዕቃ ሲሰበሰብ የ4 ቁጥሩ ቦታ ባዶ ከሆነ፣ ቁልፉ ፑሊው ላይ እንደተሰካ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ እንደ ድንጋይ ይወረወራል። ባትሪ ይዞ ወፍጮ ቤት መመለስ ያን ጊዜ ነው።