ፒ0171 የተበላሸ ዕቃ ስም አይደለም

ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር መብራት በርታበት ጋራዥ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ኦክስጅን ሴንሰሩ ሄዷል።» መካኒኩ ስካነሩን ይሰካል፣ ፒ0171 የሚል ኮድ ያነባል፣ ባለመኪናው ዕቃ ሊገዛ ወደ ሶማሌ ተራ ይላካል። እኔም ተልኬያለሁ። ሴንሰር ገዛሁ፣ ተገጠመ፣ መብራቱ ጠፋ። በአራተኛው ቀን ተመልሶ በራ። ያንን ገንዘብ ያስወጣኝ ስለዚህ ኮድ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ የተሳሳተ እምነት ነው።

«ኮዱ የተበላሸውን ዕቃ ይናገራል»

አይናገርም። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ያስፈልገዋል። ይህ ሚዛን መጠበቁን የሚያየው ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው። ጭስ መውጫው ቱቦ ላይ ተቀምጦ ከቃጠሎ የተረፈውን ኦክስጅን ይለካል። በተለመደው ዓይነት ሴንሰር ቮልቴጁ ወደ 0.1 ከወረደ አየር በዝቷል፣ ወደ 0.9 ከወጣ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ይህን እያየ ቤንዚን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የጨመረውንና የቀነሰውን በመቶኛ ይመዘግባል፤ መካኒኮች «ፊዩል ትሪም» የሚሉት ይህን ቁጥር ነው። ጤነኛ ሞተር ላይ ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ ይመላለሳል፣ እስከ 10 ቢደርስም አያስደነግጥም። በብዙ መኪኖች ወደ 25 ሲጠጋ ግን ኮምፒውተሩ የሚችለውን ያህል ጨምሮ አልበቃ ብሎታል፤ ያኔ ፒ0171ን ይጽፋል። ሁለት ረድፍ ሲሊንደር ያለው ቪ ሞተር ከሆነ የሁለተኛው ረድፍ ኮድ ፒ0174 ነው።

እንግዲህ ሴንሰሩ ወሬ ነጋሪ ነው። አየር መብዛቱን ስላመለከተ ብቻ ተነቅሎ ይጣላል። እሱ ራሱ የሚበላሽበት ጊዜ አለ፤ ሳይበላሽ የሚሳሳትበትም አለ። ከሴንሰሩ በፊት የጭስ ማውጫው ቱቦ ከተሰነጠቀ የውጭ አየር ስቦ ያስገባል፣ ሴንሰሩም ያንን ኦክስጅን ይቆጥራል። አንድ ካንዴላ እሳት ካልሰጠም ያልተቃጠለው ኦክስጅን እንዳለ ይወጣና ቤንዚን ያነሰ ያስመስላል።

«አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ነው»

ይህን የማይል የለም። ለጆሮም ልክ ይመስላል፤ እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የአየር ግፊቷ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ቤንዚኑ ሳይቀነስ ቢቀር የሚበዛው ቤንዚን እንጂ አየር አይደለም። ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር ያለው መኪና ደጋ ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚያበዛው ለዚህ ነው። በብዙዎቹ የዛሬ መኪኖች ደግሞ ኤር ፍሎው ሴንሰሩ የሚገባውን አየር በክብደት ስለሚለካ ከፍታው በራሱ ይታሰባል። ስለዚህ ፒ0171 ሲመጣ ከተማዋን መክሰስ ችግሩን ሳይነኩ መተው ነው።

ከፍታው በእውነት የሚያሳስተው ሌላ ቦታ ነው። የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚለካው የቫኪዩም ጌጅ በባሕር ጠለል ላይ ሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ሲሠራ ከ18 እስከ 22 ኢንች እንዲያሳይ መጻሕፍቱ ይጠይቃሉ። አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሞተር ከዚያ ወደ 7 ኢንች ያነሰ ያሳያል። መጽሐፉን እንዳለ የወሰደ ሰው ደህናውን ሞተር ያስፈታል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ሞተር አንዴ ከተፈታ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል።

«ቤንዚን ካነሰው ይቆጥባል» የሚሉም አሉ። ኮምፒውተሩ እኮ ያለማቋረጥ እየጨመረ ነው። ጭማሪው ካልበቃ ደግሞ ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ጉልበት ያጣል። ባትሪ ነቅሎ ኮዱን ማጥፋትም ፈውስ አይደለም። የተመዘገበው ትሪም አብሮ ይሰረዝና ለመካኒኩ የሚጠቅመው ማስረጃ ይጠፋል።

ታዲያ ምን ይታይ? እኔ ያየሁት ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ሥራ ላይ ከኖሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ነው። ኮፋኖውን እንኳ ሳይከፍቱ ስካነሩ ላይ ትሪሙን አወጡ። ሚኒሞ ላይ 24 ይላል።

«እስቲ 2,500 ዙር ላይ ያዝልኝ» አሉ። ቤንዚን ረገጥኩ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወርዶ 5 ላይ ቆመ።

«ቤንዚን አላነሰህም ልጄ፣ አየር እየሳበ ነው።»

«በምን አወቁ ጋሼ?»

መልሳቸው እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል። ሚኒሞ ላይ እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር በሰከንድ 2 ወይም 3 ግራም አየር ብቻ ነው የሚወስደው፤ በአንዲት ስንጥቅ ሳይለካ የሚሾልከው አየር ከዚያ ላይ ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ፍጥነቱ ሲጨምር የሚለካው አየር ይበዛል፣ ስንጥቋም ከቁጥር አትገባም። ነገሩ ተገልብጦ ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ቁጥሩ ቢወጣ ኖሮ የሚመረመሩት ነዳጅ ፓምፑ፣ የነዳጅ ፊልትሮውና የቆሸሸው ኤር ፍሎው ነበሩ። (ኤር ፍሎው በሌላቸውና የአየሩን ግፊት ብቻ በሚለኩ መኪኖች ላይ ግን ሾልኮ የገባው አየርም ስለሚቆጠር ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የሚኒሞ መጨመር ነው።)

ከዚያ ኮፋኖው ተከፈተ። ብዙዎች ማጽጃ ስፕሬይ እየረጩ ይፈልጋሉ፤ የጋለ ብረት ላይ ግን እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እሳቸው በእጃቸው ዳበሱ። ከሞተሩ ክዳን ወደ አየር ማስገቢያው በምትሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ ስር፣ መታጠፊያዋ ላይ፣ ዓይን የማያያት ስንጥቅ ነበረች። ጣታቸውን ሲጭኑባት ሲንተፋተፍ የነበረው ሞተር ረጋ አለ። ሲያነሱት ፉጨቱ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ደጋገሙልኝ።

ቱቦዋ ተቀየረች፤ ትሪሙ ሚኒሞ ላይ 2 ሆነ። የተነቀለው አሮጌ ሴንሰር የት እንዳለ ጠየቁኝ። ከመኪናው ኋላ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ገጠሙት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቅን፣ ስካነሩን ወደ እኔ አዞሩት። ቮልቴጁ ከ0.1 ወደ 0.9፣ ከ0.9 ወደ 0.1 እየተመላለሰ ነበር።